ገመድ የማይጠመጥም እጅ

ሰኞ ጧት ሃምሳ አለቃ ቱሳ ገመዳ ወደ አለቃው ቢሮ ሲጠራ ጉዳዩ ተጽፎና ተፈርሞ አልቆ፣ የቀረው ማኅተም ብቻ ነበር። ሻምበል ገብረ መድህን እንዲህ ያለውን ጉዳይ ይወዱታል። አሰላ ተሹመው ከመጡ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ በነዚህ ሦስት ዓመታት ከልባቸው የደከሙበት ምርመራ ቢኖር ዝውውራቸውን የሚያዘገየው ማን እንደሆነ ለማወቅ ያደረጉት ብቻ ነው።

«ሀሰኖ ቱኬ የሚባል የሳጉሬ ባላገር ሞቷል» አሉ ወረቀቱን እየገፉለት። «ትናንት፣ ጥር 13፣ ዝዋይ ሐይቅ ላይ። በሞተር ጀልባ በሚጎተት ጣውላ ላይ መቆም ሲማር ገመዱን በእጁ አንጓ ጠምጥሞ ወደቀ። ጀልባ ነጂው ዞር ብሎ ሳያይ ጎተተው። ነጂውን አስረነዋል። ቃል ተቀበልና እስከ ሐሙስ ፋይሉን ዝጋ። በሚመጣው እሑድ ትልቅ እንግዳ ከአዲስ አበባ ይህንኑ ጨዋታ ሊያዩ ይመጣሉ።»

«አስከሬኑ የት ነው ጌታዬ?»

«ተቀብሯል። እስላም አይደለም? ፀሐይ ሳትጠልቅ ሳጉሬ ቀበሩት። ግን ዶክተር አሰግድ እዚያው ስለነበረ መርምሮታል።»

ዶክተር የሚሉት አሰግድ ድሬሰር ነው። ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ተምሮ የመጣ ሰው ነው፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሁሉ ዶክተር በሚባልበት ከተማ ይህን ስህተት አርሞ አያውቅም። የእጅ ጽሕፈቱ ግን ያምራል። «የቀኝ እጅ አንጓ በገመዱ ጥብቀት አብጦና ጠቁሮ ይታያል» ይላል ወረቀቱ። «ከማጅራት በላይ ያለው ቁስል ጣውላው የመታው ነው። የሞት ምክንያት፤ በውኃ መታፈን።»

ቱሳ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ሀሰኖን በዝና ያውቀዋል፤ በአርሲ ፈረስ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል።

«ጌታዬ፣ ይህ ሰው እኮ ፈረሰኛ ነበር።»

«ታዲያ? ፈረስ ውኃ ላይ አይሄድም» አሉ ሻምበሉ፤ በቀልዳቸውም ረክተው ሻያቸውን ፉት አሉ።

ጀልባውም ጣውላውም የአቶ ፍሰሐ ናቸው። አቶ ፍሰሐ የአንድ መሥሪያ ቤት ዋና ጸሐፊ ሲሆን ለትምህርት ቤይሩት ሄዶ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ ዲግሪውን ትቶ ጣውላ ይዞ ተመልሷል። ቤይሩት ሀብታሞች ባሕር ላይ እየተጎተቱ እሑድን እንደሚያሳልፉ አይቷልና አሰላ ላይ ያለዚህ መኖር ከበደው። የጣውላውን የእግር ማስገቢያ ከመኪና ከመነዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጦ የሠራለት የከተማው ጎሚስታ ነው። ካልጠገቡ አይዘሉም፣ ካልዘለሉ አይሰበሩም ይባላል፤ አቶ ፍሰሐ ጠግቦ ዘሎ፣ የተሰበረው ግን ሌላ ሰው ነው።

ቱሳ የአቶ ፍሰሐ ቤት ሲደርስ ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ሰዎች አገኘ፤ ፍሰሐን፣ መስኮት ሥር ሹራብ የምትሠራውን ባለቤቱን ወይዘሮ ሸዋዬን፣ እና ድሬሰር አሰግድን። ማንም ተቀመጥ አላለውም።

«ስምህ ማን ነበር?» አለ ፍሰሐ።

«ቱሳ ገመዳ።»

«ገመዳ! ለገመድ ምርመራ ገመዳን ላኩልኝ» ብሎ ወደ አሰግድ እያየ ሳቀ። ስሙ በኦሮምኛ ከደስታ የመጣ ነው፤ ቱሳ ግን ይህን ለዚህ ሰው ማስረዳት ትንፋሽ ማባከን መሰለው።

«ጨዋታውን ያስረዱኝ» አለው በኋላ። «እኔ አይቼው አላውቅም።»

ፍሰሐ ይህን ጥያቄ ሲናፍቅ የኖረ ይመስል ከወንበሩ ተነሣ። ምንጣፉ ላይ ቆሞ ክንዶቹን ዘረጋ፤ ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ። «ትምህርቱ ለሚገባው ሰው ቀላል ነው። ክንድህ እንደተዘረጋ ይቆያል። ጀልባው ይስብሃል እንጂ አንተ ገመዱን አትስብም። ከጀልባው ኋላ ወደ ጎን መውጣት ስትፈልግ ተረከዝህ ላይ ጋደል ትላለህ፤ ያን ጊዜ ጣውላው በጠርዙ ውኃውን ይቆርጣል፣ ገመዱም ይወጠራል። ጠርዙን ከለቀቅህ ገመዱ ይላላል። የላላ ገመድ ደግሞ ተመልሶ ሲወጠር ትከሻ ይነቅላል። እና ገመዱ ሲላላ ምን ታደርጋለህ?»

«መልሼ በጠርዙ ጋደል እላለሁ።»

ፍሰሐ መልሱ እንዳልጣመው ፊቱ ይናገራል። «አዎ። ባላገር ግን ገመዱን ይስባል። ስትወድቅ ደግሞ ትለቀዋለህ። እኔ ተማሪ በወደቀ ቁጥር የምጮኸው 'ልቀቅ' እያልኩ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው።»

«ሀሰኖ ሲወድቅ አይተዋል?»

«ሐይቁ ዳር ካለችው ጉብታ ላይ ሆኜ በዓይኔ በብሌኑ! ተነሥቶ ቆመ፤ ወደ ግራ ወጣ፤ በጠርዙ ተጋደመ፤ ከዚያ ፈርቶ ቀና ሲል ገመዱ ላላ። የላላውን ለመሰብሰብ አንጓው ላይ ጠመጠመው። ጀልባው ሲወጥረው ከነጣውላው ተገለበጠ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

«እኔም ከሱ ጋር ጉብታዋ ላይ ነበርኩ» አለች ሸዋዬ ሳትጠየቅ፤ ዓይኗን ከሹራቡ አላነሣችም።

«እርስዎስ?» አለ ቱሳ ወደ አሰግድ ዞሮ።

«እኔ ታች መኪናው ጥላ ሥር ብቻዬን ነበርኩ። ውኃ አልወድም፤ ጣውላውም ላይ አንድ ቀን ወጥቼ አላውቅ። ጩኸት ስሰማ ግን ሮጬ እስከ ደረቴ ገባሁ። ገመዱን ከእጁ የፈታሁት እኔ ነኝ። ምን ያደርጋል፣ አልቋል።»

«ሟቹ ትምህርቱ እንዴት ነበር?»

«ፈረሰኛ ነው ቢሉኝ ለእንግዳው እንዲያሳይ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ለባላገር ደህና ነበር» አለ ፍሰሐ።

«በሁለተኛው እሑድ ቆመ» አለች ሸዋዬ። «አንተ ስንት ወር ፈጀብህ ፍሰሐ?»

ፍሰሐ ሻይ እንዲመጣ አዘዘ፤ ለቱሳ ግን አይደለም።

ጀልባ ነጂው ቶላ በጣቢያው ክፍል ውስጥ ካቴና በእጁ ገብቶ ተቀምጧል። የኦጎልቾ ሰው ነው፤ የወፍጮ ሞተር ሲጠግን ኖሮ ፍሰሐ ለጀልባው የቀጠረው። ቱሳ በኦሮምኛ ሰላም ሲለው ቀና ብሎ አላየውም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ ቶላ። «ጻፈው። ዳኛም አያስፈልግ።»

«እጽፋለሁ። መጀመሪያ ንገረኝ።»

«ምን እነግርሃለሁ? እስር ቤቱን አልፈራም። ጓደኛዬን ጎትቼ ገድዬ ለቅሶው ላይ እንኳ መቀመጥ አልችልም። ሽማግሌ ገብቶ ደሙን ሳያደርቅ ገዳይ የሟችን ደጅ አይረግጥም። ትናንት ሳጉሬ ሲቀበር እኔ እዚህ ነበርኩ።»

ቱሳ ካቴናውን ትንሽ አላላለት። «ለምን ኋላህን አላየህም?»

«ጉማሬ አለ፤ ነጂ ፊት ፊቱን ነው የሚያየው። ኋላውን የሚያየው ሌላ ሰው ነው። አቶ ፍሰሐ እየተቀመጠ ያይ ነበር፤ ያን ቀን ጀልባዋ ላይ አልወጣም። ጣውላው ላይ የሚቆሙት የሚነሡት ዳር ካለው ረጅም ሣር፣ ከደንገሉ ውስጥ፣ ጉልበት ከሚደርስ ውኃ ነው። ጀልባዋ ከደንገሉ ውጭ ትቆማለች፤ በመካከል የሚያልፈው ገመዱ ብቻ ነው። አልተያየንም።»

«ታዲያ መነሻውን በምን ታውቃለህ?»

«ገመዱ መወጠሩን የሚያውቀው ጣውላው ላይ ያለው ስለሆነ እሱ ይጠራል። አቶ ፍሰሐ 'ጎ' ይላል በፈረንጅ አፍ። ሀሰኖ 'ሀርኪሲ' ነበር የሚለኝ፣ ጎትት። ያን ቀን ግን 'ልቀቀው!' አለኝ።»

«በአማርኛ?»

«በአማርኛ። በአለቆቹ የሚያሾፍ መስሎኝ ሳቅኩ። እየሳቅኩ ነው የገደልኩት።»

«ድምፁ የሱ ነበር?»

«ሞተሩ እየጮኸ በምን እለያለሁ? ከሱ ሌላስ ማን ይላል?»

«ሬሳውን እንዴት አመጣኸው?»

«ዘግይቼ ዞር ስል ተደፍቶ አየሁት፤ ጮህኩ፤ ሞተሩን አጥፍቼ በአንድ መቅዘፊያ። ሁለት ነበረን፤ አንደኛውን ጧት ጀልባዋን ስንገፋ ደንገሉ ዳር ትቼው ነበር፤ በኋላ አጣሁት።»

ቱሳ በዚያው ቀን በእህል መኪና ሳጉሬ ወጣ። ለቅሶ ቤቱ ደጅ ላይ የቀኑን ብርድ በጋቢ የሚከላከሉ ሰዎች ተደርድረዋል። ሟቹን ያጠቡት አባ ሁሴኖ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ቱሳ ለብቻቸው ወደ በረቱ ወሰዳቸው።

«የሟች ገመና አይወራም ልጄ» አሉ ሽማግሌው ጥያቄውን ሲሰሙ። «ያጠበ ሰው ያየውን ይዞ ይቀበራል። ለዚህ ነው የምንታመነው።»

«ገመናውን አልጠየቅኩም አባ። እጁን ነው። ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር አለ፤ ሐሰት ከሆነ በሱ የተነሣ አንድ ሰው ይታሰራል።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። «እጅ ገመና የለውም» አሉ በመጨረሻ። «እኛ ከቀኝ ነው የምንጀምረው። ቀኝ አንጓው ላይ የገመዱ መስመር አለ፣ ገባ ያለ። ግን እንደ ሰም ነጭ ነበር። አላበጠም፣ አልጠቆረም። ያበጠውና የጠቆረው እዚህ ጋ ነው።» እጃቸውን ወደ ራሳቸው ማጅራት ወሰዱ። «ይህን ያህል እብጠት። ሳጥበው እጄ ፈራ።»

የሟቹ ሚስት አስያ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ በረቱ በር ላይ መጣች። እንባዋ አልቆ ንዴቷ ብቻ የቀረ ሴት ናት።

«ጠምጥሞ ሞተ ይላሉ አይደል?» አለችው። «የሰባት ዓመት ልጃችን በቅሎ ሲስብ ገመዱን እጁ ላይ ቢጠመጥም አባቱ በጥፊ ነው የሚለው። የደነበረ ፈረስ ገመድ የጠመጠመን ሰው ይጎትታል፣ ይህን አርሲ ላይ የማያውቅ ማን ነው? ሀሰኖ ከተወለደ ጀምሮ ገመድ በመዳፉ እንጂ በአንጓው ይዞ አያውቅም። ሞቱን አመንኩ፤ ሞኝ ተብሎ መሞቱን ግን አላምንም።»

«ሰው ተጣልቶት ነበር እህቴ?»

አስያ ቤት ገብታ አንዲት የመድኃኒት ጠርሙስ ይዛ ወጣች። ግማሽ ድረስ ጥርት ያለ ውኃ አላት። «ያ አሰግድ በየገበያው ቀን እየመጣ የሀሰኖን እናት ይወጋ ነበር፣ ለሳንባ መድኃኒት ነው ብሎ። ኅዳር ላይ ሞቱ። ሀሰኖ ይቺን አገኘና ቀመሳት። ውኃ ናት። ሰኞ ለትልቁ ሐኪም አሳያለሁ አለ። እኔ ዛሬውኑ ሂድ አልኩት። እሱ ግን ሰውየውን ሳልነግረው ከኋላው አልሄድም፣ እሑድ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ አለ።» ጠርሙሷን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ወንድነቱ ገደለው።»

ማክሰኞ ጠርሙሷ አሰላ ላለው ሐኪም ደረሰች። ረቡዕ ቱሳ ፍሰሐን፣ ሸዋዬንና ቶላን ይዞ በፍሰሐ መኪና ወደ ሐይቁ ወረደ። አሰግድ ሥራ ስላለብኝ አልመጣም ብሎ ቀረ። ቱሳ አንድ ኩንታል የማይሞላ የገብስ ጆንያም አስጭኗል።

«አቶ ፍሰሐ፣ አንድ ጊዜ ያሳዩኝ» አለ ውኃው ዳር ሲደርሱ።

ፍሰሐ ይህንንም ይናፍቅ ነበር። ቁምጣውን ለብሶ ደንገሉ ውስጥ ገባ። ቶላ ካቴናው ተፈቶለት ሞተሩን አስነሣ፤ ዋና የማይችለው ቱሳ የጀልባዋን ኋላ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ተቀምጦ አንድ እጁን ገመዱ ላይ አሳረፈ። «ጎ!» የሚል ድምፅ መጣ። ገመዱ ከበደ፣ ከዚያ ባንዴ ላላ፤ ፍሰሐ ወድቋል። ሁለተኛ ከበደ፣ ላላ። ሦስተኛውም እንደዚያው። በአራተኛው ጊዜ ገመዱ ከከበደ በኋላ ቀለል አለና ጀልባዋ ወደፊት ተወረወረች፤ ዋና ጸሐፊው ጣውላው ላይ ቆሞ እንደ አዲስ ጥጃ እግሩ ይንቀጠቀጣል። በጠርዙ ጋደል ለማለት ሲሞክር የጀልባዋ ኋላ ወደ ግራ ተሳበ፤ ወዲያው ፈርቶ ቀና አለ፣ ገመዱ ላላ፣ መያዣውን ወደ ደረቱ ሳበው፣ ተመልሶ ሲወጠር በአፍንጫው ተተከለ። ባላገር ያደርገዋል ያለውን አንድ በአንድ አደረገ።

ሸዋዬ ዳር ሆና አጨበጨበች።

«አሁን ጆንያውን» አለ ቱሳ።

ጆንያው በገመዱ ታስሮ ከደንገሉ ውስጥ ተጎተተ። ገመዱ ከበደ። ከበደና ቀረ። አልቀለለም፣ አልላላም፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልሳበም።

«ቶላ» አለ ቱሳ። «እሑድ ዕለት የቱን ነበር የሚመስለው?»

ቶላ ሞተሩን አጠፋ። «ሀሰኖ ሲቆም ጀልባዋን ይወረውራታል» አለ ቀስ ብሎ። «በጠርዙ ሲቆርጥ መሪውን ከእጄ ሊነጥቀኝ ይደርስ ነበር። እሑድ ግን ... ጆንያው ነው። እስከ መጨረሻው ጆንያው ነው።»

ዳር ሲደርሱ ፍሰሐ በፎጣ ተጠቅልሎ አፍንጫውን ይዟል። ቱሳ አጠገቡ ቆመ። «ቆመ፣ ወደ ግራ ወጣ፣ በጠርዙ ተጋደመ ብለው ነበር። አልቆመም። እርስዎ ያላዩትን ነገር ነው የነገሩኝ። ከሞተ ሰው ጋር የነበረ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚዋሽ።»

ፍሰሐ ፎጣውን ወደ ፊቱ ሳበ። የተናገረችው ሸዋዬ ናት።

«ኧረ እሱ ሰው አይገድልም፣ ዝንብም አይገድል» አለች። «መኪናው ሥር ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቶ ነበር። እኔ አጠገቡ ሹራቤን ስሠራ ነበር። ጩኸቱ ነው የቀሰቀሰው። ለሻምበሉ አስተማሪው ተኝቶ ነበር ማለት አፈረና ጉብታዋ ላይ ነበርኩ አለ። የነገረህ ታሪክ ከቤይሩት ባመጣው መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ነው፣ 'ጀማሪ እንዴት ይወድቃል' ከሚለው። ባሌ ያላየውን ማየት ልማዱ ነው።»

«አሰግድስ አብሯችሁ መኪናው ጋ ነበር?»

«መኪናው ጋ? ከኛ ሌላ ማንም አልነበረም።»

ቱሳ ባርኔጣውን አውልቆ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአቶ ፍሰሐ እጅ ነሣ። «እግዜር ይስጥልኝ። ውሸትዎ ሥራዬን አቀለለልኝ» አለው። ፍሰሐ ስድብ ይሁን ምስጋና አልገባውም።

ሐሙስ ጧት የሻምበሉ ቢሮ ሞላ። ፍሰሐና ሸዋዬ ተቀምጠዋል፤ አሰግድ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ቶላ ካቴናው ተመልሶለት በሩ ላይ ቆሟል። አስያና አባ ሁሴኖም ከሳጉሬ መጥተዋል። ሻምበሉ የማኅተሙን ሣጥን ከፍተው አዘጋጅተዋል።

«ባጭሩ» አሉ።

«ባጭሩ ጌታዬ፣ ቶላ የጎተተው ሬሳ ነው።»

ቶላ ራሱን ቀና አደረገ። ሻምበሉ ሣጥኑን ዘጉ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው» አለ ቱሳ። «ከገመዱ ልጀምር። ይህን ያቀናበረ ሰው ባላገር ሲፈራ ገመድ ይጠመጥማል ብሎ አሰበ። ባላገሩን ስለሚንቅ ጠይቆ አያውቅም። የአርሲ ፈረሰኛ ቢሞት ገመድ አንጓው ላይ አይጠመጥምም፤ ልጅ ሆኖ በጥፊ ተምሮታል። ስለዚህ የጠመጠመው ሌላ እጅ ነው።»

«ግምት ነው» አለ አሰግድ።

«ግምት ነው። ቀጥሎ ግን አንጓው አለ። ሕያው ሥጋ ሲታሰርና ሲጎተት ያብጣል፣ ይጠቁራል፤ የሞተ ሥጋ መስመር ብቻ ይይዛል። አባ ሁሴኖ ሲያጥቡት አንጓው ነጭ ነበር፤ ማጅራቱ ግን አብጦ ጠቁሯል። ማጅራቱን ሲመታ በሕይወት ነበር፣ እጁ ሲታሰር ግን ሞቷል ማለት ነው። ሦስተኛው ገመዱ ራሱ ነው። ሰው ጣውላው ላይ ሲቆም ገመዱ ይቀላል፤ በጠርዙ ሲጋደም ጀልባዋን ወደ ጎን ይስባል፤ ሲወድቅ ይላላል። ቶላ የጎተተው ገመድ ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንደ ጆንያ ከባድ ነበር። ሀሰኖ ጣውላው ላይ አልወጣም።»

«ታዲያ አቶ ፍሰሐ ያዩት...» አሉ ሻምበሉ።

«አቶ ፍሰሐ ተኝተው ነበር ጌታዬ። ወይዘሮ ሸዋዬ ሹራብ እየሠሩ አጠገባቸው ነበሩ። መኪናው ጥላ ሥር።» ቱሳ ወደ አሰግድ ዞረ። «ዶክተር፣ እርስዎ ብቻዎን ነበርኩ ባሉበት ጥላ ሥር። እርስዎ ከደንገሉ ከወጡ በኋላ እነዚህ ሁለቱ ጉብታዋ ላይ ነበርን ሲሉ ሰሙ። መኪናው ባዶ ነበር ማለት ነው፤ ስለዚህ ሄደው ተቀመጡበት። ውሸት ላይ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ ባለቤቱን ቢጠይቅ ደግ ነው።»

ሸዋዬ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ፍሰሐ የጫማውን ጫፍ ያያል።

«ደንገሉ ውስጥ የተጠራው ቃልም አለ። ጣውላ የተማረ ሰው ልቀቅ ማለት ገመዱን ጣል ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ አቶ ፍሰሐ የመጀመሪያው ትምህርት ነው ብለውኛል። ሲነሣ ልቀቀው ብሎ የሚጮህ ጣውላ ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው። ከነበሩት ሰዎች መካከል ደግሞ አንድ ቀን አልወጣሁም ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«አንተ እኔን ልትመረምር?» አለ አሰግድ። ከግድግዳው ተላቀቀ። «ስም መጻፍ የማትችል ባላገር! ሻምበል፣ ይህን ያዳምጣሉ? እኔ የሕክምና ወረቀት ጽፌያለሁ!»

«ጽፈዋል» አለ ቱሳ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ አንጓው አብጦ ጠቁሯል ይላል። ያዩትን ሳይሆን መኖር የነበረበትን ነው የጻፉት። እስላም ቶሎ ይቀብራል፣ ሬሳውን ማንም አያይም ብለው ተማመኑ። ቶሎ የሚቀብር ሰው አስቀድሞ እንደሚያጥብ ግን አላሰቡም። አባ ሁሴኖ ከቀኝ እጁ ነው የጀመሩት።»

አባ ሁሴኖ ከዘራቸውን ተደግፈው አሰግድን ያዩታል። ቱሳ ጠርሙሷን ጠረጴዛው ላይ አቆመ፤ አጠገቧ ጫፉ የተሰነጠቀ መቅዘፊያ አጋደመ።

«ይህን ትናንት ፖሊሶቻችን ደንገሉ ውስጥ ተሰክቶ አገኙት። ጠርሙሷን ሐኪሙ መርምሯታል፤ የፈላ ውኃ ናት። የሀሰኖ እናት በዚች ውኃ ሲታከሙ ሞቱ። ሀሰኖ ሰኞ ሊከስዎ ነበር፤ ግን ከኋላ መሄድ ነውር ስለመሰለው እሑድ መጥቶ ነገረዎት። ጎንበስ ብሎ እግሩን ጣውላው ውስጥ ሲያስገባ በዚህ መቅዘፊያ መቱት፤ ሲሞት ገመዱን አንጓው ላይ ጠምጥመው ልቀቀው ብለው ጮኹ።»

አሰግድ የተናገረው ለማንም ሳይሆን ለክፍሉ ሁሉ ነበር። «ለነሱ መድኃኒት ምን ያደርግላቸዋል?» አለ። «ቢወጉም ይሞታሉ፣ ባይወጉም ይሞታሉ። ውኃና መድኃኒት የሚለይ ባላገር አለ ብዬ አላሰብኩም።»

አስያ ነጠላዋን አስተካክላ ከክፍሉ ወጣች፤ ይህን ሰው ለመስማት ከዚያ በላይ መቆም ለሟቹ ክብር አይመጥንም ብላ ይመስላል። ሻምበሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እኔም ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር አሉ። ጣቢያው ያለው ካቴና አንድ ብቻ ስለሆነ ከቶላ እጅ ወጥቶ አሰግድ እጅ ገባ።

ሌሎቹ ሲወጡ ቶላ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። የተፈቱ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አላወቀም።

«ስጎትተው ሞቶ ነበር?» አለ።

«ሞቶ ነበር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በእጅህ የያዝከው ገመድ ነግሮሃል። እኔን አትጠይቅ።»

ቶላ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ሸፈነ። ለአራት ቀን ያላለቀሰውን አለቀሰ። ቱሳ አላባበለውም፣ ማባበልም አያውቅበትም፤ በሩን ዘግቶ ውጭ ጠበቀው።

ከሰዓት በኋላ ቶላ ሳጉሬ ደረሰ። ደጁ ላይ ሲቆም የለቅሶተኛው ወሬ ተቋረጠ። አባ ሁሴኖ ቀድመውት ደርሰው ነበርና ነገሩን ሁሉም ሰምቷል፤ ቢሆንም ማንም ቀድሞ ግባ ሊለው አልደፈረም፤ ያ የአንድ ሰው ፈንታ ነበር። አስያ ከውስጥ ወጣች። ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከዚያ ከወንዶቹ ተርታ ባሏ የሚቀመጥበትን በርጩማ አንሥታ ከፊቱ አኖረችለት።

«ተቀመጥ ቶላ» አለችው። «ጓደኛህ ነው የሞተው።»